ስምንት ሰዓት ማንም አይንካሽ

«ስምንት ሰዓት ሙሉ ማንም አይንካሽ፤ እናትሽም ብትሆን» አልኳት ሙሽራዋን።

ሙርያን ሃኬት ሳሎናቸው መሀል በተከልኳት ትንሽ ድንኳን ውስጥ ክንዶቿን ዘርግታ ቆማለች። አፍንጫዋን በመሰኪያ ደፍኜዋለሁ፤ ዓይኗ መነጽር አድርጓል፤ ከንፈሯን፣ መዳፏንና ተረከዟን ቅባት ቀብቻታለሁ። ቅባት ያላገኘ መዳፍ የካሮት መልክ ይዞ ይቀራል። ቀለበት በሚጠለቅበት ቀን ደግሞ የሙሽራን እጅ የማያይ ሰው የለም።

«ትንፋሽሽን ያዢ» እላትና ቆዳ የሚያጠይመውን ቀለም በማሽኔ ቱቦ እረጫለሁ። «አሁን ተንፍሺ።»

«ለመተንፈስም ያንቺ ፈቃድ ያስፈልገኛል?» አለች በተደፈነ አፍንጫዋ።

«ቆዳሽን ላጠይም እንጂ ሳንባሽን ላጠይም አልተዋዋልንም።»

ልትስቅ ስትል ተቆጣኋት፤ የሳቀች ሆድ ትታጠፋለች፣ የታጠፈች ሆድ መስመር ታወጣለች።

እኛ አየርላንድ፣ ኪልብራና ውስጥ ፀሐይ እንደ ሩቅ ዘመድ በዓመት አንዴ ብቅ ብላ የምትመለስ ናት። ሙሽራ በነጭ ቀሚስ ላይ ወተት የመሰለ ቆዳ ይዛ ብትቀርብ አክስቶቿ «ልጅቷ ታማለች እንዴ?» ይባባላሉ። ስለዚህ ከቄሱ በፊት የምጠራው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከወር በፊት ከጆሮ ጀርባ ጠብታ አድርጌ ቆዳቸው እንደማይቆጣ አያለሁ። ሽቶና ዲኦድራንት አስከለክላለሁ። ርጭቱን ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት አደርጋለሁ፤ በዋዜማው ከሆነ ቀለሙ ቀሚስ ላይ ይቀራል። ጠየምኩ ብለው ፀሐይ ላይ እንዳይሰጡም እነግራቸዋለሁ፤ ይህ ቀለም ከፀሐይ አያድንም። አንድም ሙሽራ አበላሽቼ አላውቅም። ድሃ ነኝ፣ የማዘጋጃ ቤት ቤቶች ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ይህ ስሜ ግን ሀብቴ ነበር።

ፊቷን በሌላ ጠርሙስ ረጨኋት። የፊቱ ቀለም እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ዓይነ ርግቡን እንዳይበክል ብዬ ነው የምጠቀምበት። መስታወት ስታይ ደነገጠች።

«ዴርቭላ፣ ፊቴ ላይ እኮ ምንም የለም!»

«አሁን አይታይም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ራሱ ይወጣል።»

እናቷ ሚስስ ሃኬት ገብታ ልጇን ከእግር እስከ ራስ ቃኘቻት። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነበረች፤ እናቴ ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ። ዛሬም ስታየኝ ጥፍሬን የምትመረምር ይመስለኛል። ሻይ ሰጠችኝ፤ በአበባ ስኒው ሳይሆን ለቧንቧ ሠራተኛና ለቀለም ቀቢ በሚወጣው ወፍራም ኩባያ። ጠጣሁት። የዚያን ቀን ምንም ሊያስከፋኝ አይችልም ነበር።

ምክንያቱም ከጥጥ ሳጥኔ ሥር ደብዳቤ ነበረኝ። የጻፈልኝ ልጇ ፊኒያን ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ የአካባቢው የከብት ሐኪም እሱ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው የላም መድኃኒት በሚያዝበት ወረቀት ላይ ነበር፤ ለእኔ ግን ከወርቅ ቅጠል ይበልጥብኝ ነበር።

«ዴርቭላዬ፣ በሰው ፊት የምለውን በወረቀት ላስቀድም። ዓርብ ለእናቴ እነግራታለሁ። ቅዳሜ እህቴን ለባሏ አስረክቤ ስመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ፊተኛው የቤተሰብ ወንበር ተቀምጠሽ ላግኝሽ። ከእንግዲህ የጓሮ በር የለም። ፊኒያን።»

ሁለት ዓመት ተዋደናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ የሚመጣው በጓሮ፣ በማገዶው ዳስ በኩል፣ ጎረቤት ሳያየው ነው። ቀንበጥ እንደተከለ ልጅ ደብዳቤውን በየሰዓቱ እያወጣሁ አየው ነበር።

በዚያው ሐሙስ አመሻሽ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ ራሴን ረጨሁ። ጀርባዬን እንዴት እንዳደረስኩት አትጠይቁኝ፤ በመስታወትና በጸሎት ነው። ለፊተኛው ወንበር የገዛሁት አረንጓዴ ቀሚስ እጅጌ የለውም። ሰፊ ቀሚስ ጣል አድርጌ፣ ክንዴን ከጎኔ አርቄ፣ ወንበር ላይ እንኳ ሳልቀመጥ ስጠብቅ የጓሮው በር ተንኳኳ።

ፊኒያን ገና ከጥጃ ቤት እንደወጣ ነበር፤ ጫማው ጭቃ፣ ዓይኑ ሳቅ።

«አትንካኝ!» አልኩት ወደ ኋላ እየሸሸሁ። «ስምንት ሰዓት!»

«ሁለት ዓመት የጠበቅሁት አነሰሽ?»

«ፊኒያን፣ እውነቴን ነው፤ የጣትህ ምልክት ይቀርብኛል።»

«ይቅር» አለ። ግራ ክንዴን ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ በሙሉ መዳፉ ያዘኝና ሳመኝ። ሲለቀኝ መዳፉ ቡናማ ነበር። አሸተተው። «ብስኩት ብስኩት ትሸቻለሽ።»

«ቶሎ ታጠብ፤ ካልታጠብከው አምስት ቀን አይለቅህም።»

«አልታጠብም» አለ። «ነገ እናቴ ፊት በዚህ እጅ ነው የምቆመው።»

በሴትነቴ ስንት ጊዜ ተሞግሼ ይሆናል፤ እንደዚያ ምሽት ግን የተወደድኩ መስሎኝ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሙርያንን ለማየት ሄድኩ። ከርጭት ማግሥት ሄጄ ማየት ልማዴ ነው፤ የቁርጭምጭሚት ስንጥቅ፣ የፀጉር ሥር መስመር አይጠፋም። ነገ ዝናብ እንዳይጥል የሕፃኑ ኢየሱስ ሐውልት ጽጌረዳው ሥር ወጥቶ ተቀምጧል፤ አንገቱ ተሰብሮ የተጣበቀ ነው። እኛ ዘንድ አንገቱ የተሰበረው የበለጠ ይሠራል ይባላል። ሰላም ብዬው አለፍኩ። ለሐውልት ሰላም የምል ሰው አልነበርኩም፤ ደስታ ነው ያሳበደኝ።

ወጥ ቤት ስገባ ሙርያን በመኝታ ልብሷ ቆማ ቁራሽ ዳቦ ትቀባለች። ሚስስ ሃኬት ደግሞ የፊኒያንን እጅ አንጓው ላይ ጨብጣ መስኮቱ ጋ ይዛዋለች።

«እንኳን መጣሽ ዴርቭላ። አንቺን ነው የምፈልገው።»

ነገራት! አልኩ በልቤ። ፈገግ ማለቴን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች፤ መዳፉን ወደ እኔ ገልብጣ። ቡናማ ነበር፤ የጣቶቹ ጫፍ ሳይቀር።

«አዮዲን ነው አልኩሽ እኮ እማዬ። የጥጃ እትብት ስቀባ...»

«ከአባትህ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ አዮዲንን ለእኔ ልታስተምረኝ ነው? ይሄ እህትህ የተቀባችው ነው። እህትህን አልነካኋትም ብለሃል። ታዲያ የማንን ልጅ ነው የነካኸው?»

«ኧረ እማዬ ተይው!» አለች ሙርያን፣ ሳቋን ለመዋጥ እየታገለች። «ሠርጉ የእኔ ነው፤ ምርመራው ሰኞ ይድረስ።»

ሚስስ ሃኬት ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ሞኝ ሴት አይደለችም። «በዚህ አካባቢ ይህን ቀለም የያዘች አንቺ ብቻ ነሽ። ልጄን ታውቂዋለሽ?»

የጠየቀችው እኔን ነው፤ መልሱ ግን የእሱ ነበር። ወደ እሱ አየሁ። አሁን ነው፣ ውዴ። አሁን ተናገር። በዚህ እጅ እቆማለሁ ብለህ የለ? ቆመሃል እኮ። አንድ ቃል ነው የቀረህ።

ዓይኖቻችን ተገናኙ። ከዚያ የእሱ ወደ ወለሉ ወረደ፤ ከወለሉም ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ትናንት ዕቃዋን መኪናዋ ድረስ አግዣት ነበር» አለ። «ቱቦው አፍስሶብኝ ይሆናል። ከዚያ በቀር የት አውቃታለሁ? ዴርቭላ ነው ስሟ መሰለኝ።»

መሰለኝ።

ስሜን በጆሮዬ ሥር እንደ ዘፈን ሲደጋግመው የኖረ ሰው ነው።

«ማሽንሽ ያፈሳል እንዴ?» አለች ሚስስ ሃኬት።

አሁን ፊኒያን አየኝ። ዓይኑ ይለምነኛል። አያፈስም፣ አሥራ አንድ ዓመት ጠብ ብሎበት አያውቅም ብል ሁሉም ያበቃ ነበር። እጅጌዬን ብሰበስብ ደግሞ ግራ ክንዴ ላይ ቀለሙ የተነሣበት ቦታ አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት ሆኖ ነጭ ቁጭ ብሏል፤ እጁን አምጥታ ብትገጥመው ልክ ይሆን ነበር። አልሰበሰብኩም። ፍቅርን አስመስክሮ መቀበል እንደ ልመና መሰለኝ።

«አዎ፣ ሚስስ ሃኬት። አንዳንዴ ያፈሳል።»

የሙርያን ፊት ተለወጠ፤ ክንዷን ዞር ዞር እያደረገች ማየት ጀመረች። ስሜ ከእጄ ሲወጣ አየሁት።

«እንዲህ ያለ ዕቃ ይዘሽ ሰው ቤት ትገቢያለሽ?» አለች እናትየው። «የእናትሽ ባልዲ እንኳ አፍስሶ አያውቅም። በይ አጽጂለት። ነገ እህቱን የሚያስረክበው በዚህ እጅ ነው።»

ገንዳው ጋ አቆምኩት። ማስለቀቂያውን አረፋ ቀባሁለት፤ ጠብቄ በሻካራ ጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። ሚስስ ሃኬት ወንበር ስባ ተቀምጣ ታየናለች። እጁን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በሰው ፊት ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው።

«ያምዎታል?» አልኩት።

ደነገጠ። «ትንሽ።»

«ይለመዳል። የያዘ ነገር ሲለቅ መጀመሪያ ነው የሚያመው።»

«እኔ... እንዲህ እንዲያስቸግር አላሰብኩም ነበር።»

«እጅዎን ወዲያው ቢታጠቡ ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር።»

«ሊታጠብ ያልፈለገ ሰውም ይኖራል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይኖራል» አልኩ። «እስኪያዩት ድረስ።»

«ምን ትንሾካሾካላችሁ? ሁሉም ለቀቀ?» አለች ሚስስ ሃኬት።

መዳፉን ብርሃን ላይ ገለበጥኩት። እንደ ሕፃን እጅ ነጥቷል። «ለቋል» አልኩ። «ምንም የነካ አይመስልም።»

የሙርያንን ግንባር በጠራው ቀለም ነካ ነካ አድርጌ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ሻይ ትጠጫለሽ ያለኝ የለም። አየርላንድ ውስጥ መንገድ የጠፋው ሰው እንኳ ሻይ ሳይቀርብለት ከሰው ቤት አይወጣም። እኔ ወጣሁ።

መኪናዬ ጋ ስደርስ ሳጥኔን ይዞ ተከተለኝ። ከወጥ ቤቱ መስኮት የማያሳየውን ጎን መረጠ፤ ይህንንም አየሁ።

«አዳንሽኝ» አለ። «ዴርቭላ፣ ሙቺ፣ ልናገር ነበር። ዓይኗን ሳየው... ነገ እንግዳው፣ ሠርጉ... ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ። እምልልሻለሁ። ፊተኛው ወንበር የትም አይሄድም።»

«ስሜ ማነው?» አልኩት።

«ምን?»

«መሰለኝ ሳትል ንገረኝ።»

«እንዲህ አታድርጊኝ። ታውቂያለሽ እንደምወድሽ።»

አውቃለሁ። መራራው ይህ ነበር፤ ይወደኛል። ልክ ጓሮ ድረስ ይወደኛል።

የጠራው ቀለም ጠርሙስ እጄ ላይ ነበር፤ ክዳኑን ገና አልገጠምኩትም። ሳላስበው አደረግሁት ብል ውሸት ነው። ጓንቴን አወለቅሁ። መዳፌን ከጀርባዬ አርጥቤ ጉንጩን በቀስታ ያዝኩት፤ እንደ ሁልጊዜው፣ አውራ ጣቴን ከዓይኑ ሥር አድርጌ። ቆዳው እንደማይቆጣ አውቃለሁ፤ በተዋወቅን ሰሞን አዲስ ጠርሙስ ክንዱ ላይ ሞክሬ «የቀለም ምልክት ከሚደረግባቸው በጎች ተራ ገባሁ» ብሎ ስቆብኛል።

ዓይኑን ጨፈነ። ወደ መዳፌ ተደገፈ። «ይቅር አልሽኝ?»

«ፊትህን እስከ ማታ አትታጠብ።»

ትናንት ያለውን ማስታወሴ ደስ አለው፤ ሳቀ። «አልታጠብም።»

ከገባልኝ ቃል ሁሉ የጠበቀው ይህን ብቻ ነው።

ስለ በቀል አላሰብኩም። ሁለት ዓመት የተደበቀች ሴት ናት እጄን የያዘችው፤ ለአንድ ቀን እንኳ ልታይ ብላ። ወደ ቤት ስነዳ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ፣ በራሴ እያፈርኩ፣ ደግሞም ሰዓቱን እየቆጠርኩ ነበር።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ስልኬ ጮኸ። አላነሣሁም። መልእክት መጣ።

«ፊቴ ላይ ምን አደረግሽ?»

ቀጥሎ፦ «አምስት ጣት ነው! የእናቴ ዘመዶች በሙሉ እዚህ ናቸው፤ በር ዘግቼ ተቀምጫለሁ።»

ቀጥሎ፦ «እባክሽ የኔ ፍቅር። በጓሮ ልምጣ። አንቺ አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም።»

ከዚያ ጻፍኩ፦ «አጠፋልሃለሁ። በፊት ለፊት በር ና። ክፍት ነው።»

እውነትም ከፈትኩት። ሰፈራችን በሩ ሁሉ ፊት ለፊት የሚተያይ ነው፤ አንድ መኪና ሲቆም ዐሥር መጋረጃ ይነቃነቃል። ጠረጴዛው ላይ ሳፋ፣ ጥጥና አረፋውን አዘጋጀሁ። አረንጓዴውን ቀሚስ ለበስኩ። እንዴት ያለሁ ተስፈኛ ነኝ! በዚያ በር ቢገባ ኖሮ ጠዋት ያለውን ሁሉ እረሳለት ነበር፤ ቃል በቃል እረሳለት ነበር።

ጎረቤቴ ሚስስ ጊልሙር ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ የሰኔን ብርሃን ትሞቃለች። «እንግዳ አለሽ እንዴ ዴርቭላ? ምን ያለ ቀሚስ ነው!»

«አዎ፣ እየመጣ ነው።»

ብርሃኑ ከጣራዎቹ ላይ እስኪለቅ ድረስ ተቀመጠች፤ እኔም። በመጨረሻ ወንበሯን አጠፈች። አላሾፈችብኝም፤ ብታሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ብርድ ይገባብሻል፤ ዝጊው የኔ ልጅ» አለችኝ።

አልቅሼ የማላውቀውን አለቀስኩ። ሙሽሮቼን ውሃ፣ ላብ፣ እንባ አያግኛችሁ እያልኩ የኖርኩ ሴት።

ቅዳሜ ዘነበ። ሐውልቱ ከጽጌረዳው ሥር ምን ሲሠራ እንዳደረ እንጃ። ረጅም ካፖርቴን ለብሼ ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ውጭ፣ ሙሽራ ለማየት ከቆሙት ሴቶች ጋር ቆምኩ። አልሄድም ብዬ ነበር። እግር ግን አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይወጣል።

መኪናው ደረሰ። ሙርያን ወረደች፤ አምሮባታል። አንድ መስመር፣ አንድ ነጥብ የለባትም። በሐዘኔ መሀል ሥራዬን ሳየው ኮራሁ። ፊኒያን ዣንጥላውን ለእሷ ይዞ በደረጃው ላይ አብሯት ወጣ። ጉንጩ ልስልስ ብሏል፤ እጅግ ልስልስ ብሏል። የእናቱን የፊት ዱቄት ከሃያ እርምጃ ለየሁት። የመረጠው ይህን ነው፤ የእኔን በር ሳይሆን የእናቱን ዱቄት።

ግን ዣንጥላው ያለው እህቱ ላይ ነው፤ ዝናቡ የሚወርደው እሱ ላይ። ዱቄቱ መጀመሪያ ከአገጩ ወረደ። ከዚያ አንድ ጣት ታየ። ከዚያ ሁለት። በር ላይ ሲደርሱ አምስቱም ወጥተው ነበር፤ ቀጫጭን፣ ቡናማ፣ የሴት ጣቶች።

አክስቶቹ ሹክሹክታ ጀመሩ። ሚስስ ሃኬት ባርኔጣዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ሙርያን ግን ወንድሟን አየች፤ ከዚያ ዞራ ሰዉን መፈለግ ጀመረች፤ ዓይኗ አጥሩ ጋ ሲደርስ አገኘችኝ። ወዲያው ገባት። ቱቦው እንዳላፈሰሰም ገባት፤ ዓይኗ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ክንዷን ከክንዱ አወጣች።

«ፊኒያን» አለች፤ ሁሉም እየሰማ። «ሂድና አምጣት። እጠብቃለሁ።»

«ሙርያን፣ ቄሱ...» አለች እናቷ።

«ቄሱም ይጠብቃል እማዬ። ሂድ።»

ኦርጋኑ ውስጥ ሲጫወት ይሰማል። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ፤ በመካከላችን ያለው መንገድ ባዶ ሆነ። ሃያ እርምጃ። ካፖርቴን አንገቴ ላይ ጨብጬ ቆምኩ፤ ከሥሩ፣ ግራ ክንዴ ላይ፣ የእሱ ጣቶች ነበሩ። ና፣ አልኩ በልቤ። አሁንም ና። የሰው ልብ ስንት ጊዜ እንደሚሞኝ ልክ የለውም።

አየኝ። ይወደኛል፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት አየሁት፣ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ አንሥቶ ጉንጩን ሸፈነ። አክስቱ የጥርስ ሕመም እንዳለበት ስትጠይቀው አዎ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ሙርያን ዓይኗን ጨፍና ክንዷን መልሳ ስትሰጠው፣ በሩ ሲውጣቸው አየሁ።

ጉንጩ ላይ የያዘው ያንን መዳፍ ነበር፤ በእናቱ ወጥ ቤት በሁለት እጄ አሽቼ ያነጣሁለትን። ንጹሕ ነበር። ምንም የነካ አይመስልም።